አለርጂክ የምትባለው ቃል ቤታችን ስትገባ

ሰው ደጄ ሳይደርስ ሽታው ይደርሰኛል። ፀጉሯን ተቀብታ የመጣች ጎረቤት ከሆነች በሩን ሳታንኳኳ አውቃታለሁ። ከነዳጅ ማደያ በቀጥታ የመጣ ሰውም አያመልጠኝም። ባለቤቴ ይስቅብኛል፤ «አንቺን ኬላ ላይ አቁመውሽ ቢሆን ኖሮ አንድም ኮንትሮባንድ አያልፍም ነበር» ይለኛል። የድሮ ሾፌር ስለሆነ ቀልዱ ሁሉ ከመንገድ አይርቅም።

ይሄ ነገር አብሮኝ የተወለደ አይደለም። አዲስ አበባ ተከራይተን ስንኖር በረኪናውንም፣ ላምባውንም፣ የትኋን መድኃኒቱንም እንደ ማንኛዋም ሴት ስነካካ ኖሬያለሁ፤ አስነጥሶኝ እንኳ አያውቅም። የመጣብኝ ሰበታ ቤት ሠርተን በገባን ሰሞን ነው። በዓሉን በራሳችን ጣሪያ ሥር እንዋል ተባብለን፣ የግድግዳው ቀለም ሳይደርቅ፣ የበሩ ቫርኒሽ ገና እጅ ላይ እየተጣበቀ ገባን። መጀመሪያ ዓይኔ አለቀሰ። ቀጥሎ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ከዚያ ደረቴ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ቀለሙ ደረቀ፣ ቫርኒሹም ጠነከረ፤ እኔ ግን ወደነበርኩበት አልተመለስኩም። የዱቄት ሳሙናው፣ ሽቶው፣ የወለል ማጽጃው ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ የባለቤቴ ሲጋራ።

ሲጋራ የለመደው ጅማ መንገድ ላይ ነው፤ መሪ እንደያዘ እንቅልፍ እንዳይጥለው ብሎ። መኪናውን ከተወ ቆይቷል። እንቅልፉም አሁን በጠራራ ፀሐይ ወንበር ላይ ይጥለዋል፣ ከልካይ የለውም። ሲጋራው ግን አልለቀቀውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ያገባሁት ያንን ሽታ ለብሶ ነው። ከተጂ ከተማ ጤፍ ጭኖ ሲመለስ የናፍጣው፣ የጤፉ ብናኝና የትምባሆው ሽታ ተቀላቅሎ ቤት ሲገባ ደስ ይለኝ ነበር። በሰላም ገባ ማለት ነዋ። ያ ሽታ በስተርጅና ተመልሶ አንገቴን ያንቀኛል ብሎ ማን ጠረጠረ?

መጀመሪያ የሄድኩት ጸበል ነው። ጸበሉ ያለው ጫካ ውስጥ ነው፤ ጥድና ወይራ ከቦታል። በሄድኩ ቁጥር ደረቴ ይከፈታል፣ እስቅበታለሁ፣ እዘምርበታለሁ። ቤት ስመለስ ይዘጋል። አንዷ ጎረቤቴ ጸበሉን ስለማቋርጠው ነው አለችኝ፤ አመንኳትና ተመላለስኩ። ዛሬም ጸበሉ አልሠራም አልልም። ግን ዛፎቹም ሳያግዙት አልቀሩም።

ሁለተኛው መድኃኒቴ መንከራተት ሆነ። እግሬ ድሮም ቤት አይወድም። ወንዱ ልጄ ቡራዩ ነው የሚኖረው፣ ሴቷ ሱሉልታ። አንዱ ጋ ሰንብቼ ወደ ሌላዋ፣ ከሌላዋ ደግሞ ወደ ቤቴ። መንገዱ ራሱ ፈተና ነበር። ታክሲዎቹ መስተዋታቸው ላይ ያቺን የዛፍ ቅርጽ ያላትን ሽቶ ያንጠለጥላሉ። እኔ መስኮት እከፍታለሁ፣ ሕዝቡ ይዘጋል። ነፋስ እንደ ጅብ የሚፈራበት አገር መቼም ከኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ከኋላዬ ሆኖ፣ እማማ ነፋስ ይመታናል፣ ይዝጉት እንጂ ብሎ ተቆጣኝ። «ልጄ፣ አንተን ነፋስ ቢመታህ ነገ ይለቅሃል፤ እኔን ይሄ ሽቶ ከመታኝ ግን የምወድቀው እዚሁ ጭንህ ላይ ነው» አልኩት። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። መስኮቱም ተከፍቶ ሄደ፤ ጎልማሳው ግን እስክንወርድ ድረስ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ ነበር።

ቡራዩ የልጄ ቤት ደህና ነው፣ አቧራው ነው እንጂ። ሱሉልታ ግን ሌላ ነው። በአዲሱ ገበያ በኩል ሽቅብ ወጥተን እንጦጦን ጀርባችን ስናደርግ፣ ያ ብርድ ፊቴን ሲገርፈኝ ደረቴ እንደ ጠዋት በር ብርግድ ይላል። ሜዳው ሰፊ ነው። የታጨደው ሣር ይሸታል፣ የላም በረት ይሸታል፤ እሱ ምንም አያደርገኝም። ልጄ ማታ ሳልስል መተኛቴን እያየች ታለቅስ ነበር። እማዬ እዚሁ ቅሪ፣ አባባ ከፈለገ ይምጣ ትለኛለች። እሱ እንደማይመጣ ታውቃለች። ሰበታ ውስጥ ጓደኞቹ አሉት፣ ቁጭ ብሎ የሚያየው መንገድ አለው፣ የተከላቸው ኮክ ዛፎች አሉት። እኔ ደግሞ ያለሱ ውዬ ማደር ለአንድ ሰሞን እንጂ ለዕድሜ አልሆነልኝም። ሱሉልታ ተኝቼ ስነቃ እጄ በእንቅልፍ ልቤ አልጋው ላይ ሲፈልገው አገኘዋለሁ። ትንፋሽ አገኘሁ ብዬ ባሌን ልጣ? ባሌን አገኘሁ ብዬ ትንፋሽ ልጣ? ነገሩ እዚህ ደረሰ።

በመጨረሻ ቡራዩ ያለችው የልጅ ልጄ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ይህች ልጅ ሥራ ይዛለች፣ ቀልደኛ ናት፣ ምላሷ ከእግሯ ይፈጥናል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ጀርባዬን አዳመጠ፣ ስለ ቀለሙም ስለ ሲጋራውም ጠየቀኝ። ከዚያ አለርጂክ ነዎት አለኝ፤ ለኬሚካልና ለጭስ። በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝና ዋናው መድኃኒት ግን መራቅ ነው አለ። እኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አብሬ ቁጭ ብዬ ነው። አለርጂክ የምትባለውን ቃል ግን ከወጣቶቹ አፍ ሰምቻት አውቃለሁ። የሐኪም ቃል መሆኗን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ለባለቤቴ ራሴ እነግረዋለሁ፣ እናንተ ዝም በሉ አልኳት የልጅ ልጄን። እንዴት ብዬ እንደምነግረው ግን መንገድ ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ሽማግሌን ሰው «ራቀኝ» ብለው እንዴት ይሉታል? ቃሉን አለስልሼ ከበዓል በኋላ፣ ደስ ባለው ቀን ልነግረው ወሰንኩ።

እሱ ለካ ከእኔ ቀድሞ ሰምቷል። ቤት እንደደረስን የልጅ ልጄ በረንዳ ላይ ሆና ለአባቷ ትደውላለች። ባለቤቴ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ኮኩን ይኮተኩታል። እሷም እንደ ልማዷ እየሳቀች፣ እማማ ለአባባ አለርጂክ ሆናለች፣ ሐኪሙ ራቂው ብሏታል ትላለች። ሲጋራ የሚለውን ዘለለችው። አባቷ ነገሩን ስለሚያውቅ ገብቶታል። እንዲህ ዓይነቱ ወሬ ግን ግድግዳ ተሻግሮ ሲሰማ ሌላ ነው።

ነገሩን ያባሰው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ የሆነ ነው። ይህችው ልጅ እቤታችን መጥታ ስለ አንድ የመሥሪያ ቤቷ ሰውዬ ስታወራ፣ እሱን ተዉት አለርጂኬ ነው አለች። ባለቤቴ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቃት። «ዓይኑን ማየት አልፈልግም ማለት ነው አባባ» ብላ አስረዳችው። እሱ የተማረውን አይረሳም። ቃሉን በትርጉሙ አስቀምጦት ነበር።

እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ያን ምሽት ፍራሽ ተሸክሞ ግቢው ጥግ ያለችው ሰርቪስ ክፍል መግባቱን ነው። እዚያ ይቀዘቅዝልኛል አለ፤ ወሩ ኅዳር ነው፣ የትኛው ሙቀት ነው ደግሞ። እንግዲህ ሲጋራውን በነፃነት ሊያጨስ ነው አልኩ በልቤ። ከኔ ሲጋራውን መረጠ አልኩ።

በማግስቱ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ቁርስ ላይ መጣ። ከሱ ቀድሞ የመጣው ግን ሽቶ ነው። ከዚህ በፊት ሽቶ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ ከአንገቱ እስከ እጅጌው ተነክሮ መጥቷል። ገና ከፊቴ ከመቀመጡ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ሳሉ ያዘኝ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ስመለስ ቁርሱን ሳይነካ ተነስቷል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አበዛው። እኔም ሽሽቴን አበዛሁት።

ከዚያ አንቱ ማለት ጀመረ። እኛ ቤት አንቱ የምለው እኔ ነኝ፣ እሱንም በሰው ፊት ነው። ብቻችንን ስንሆን አንተ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አንቺ ነው የሚለኝ። ያን ሰሞን ግን ምሳ ሳቀርብለት «እርስዎ በልተዋል?» አለኝ። እኔና እሱ ብቻ ነን። በር ሰባሪ ሌባ መጥቶ ቢሆን እንደዚያ አልደነግጥም። ተሳድቦ ቢሆን እመልስለት ነበር። እሱ ግን አክብሮ ራቀኝ። ሱሉልታ ለልጄ ደወልኩና ነይና ውሰጂኝ አልኳት።

አሁን ባለ ሱቁ ሐጂ ይመጣሉ። ሐጂ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ አላቸው፤ ሲጋራውንም ሽቶውንም ለባለቤቴ የሚሸጡት እሳቸው ናቸው። ለሰፈሩ ሰው ልብ ያላቸው፣ የሰው ትዳር የሚያሳስባቸው ሰው ናቸው። ሽቶ ሲገዛ አይተዋል። ፍራሽ ፀሐይ ላይ በሰርቪሱ ደጅ ተሰጥቶ አይተዋል። የልጄን መምጣትና ሻንጣዬን ሲያዩ ነገሩን ገጣጠሙት፤ እነዚህ ሽማግሌዎች ተጣልተው ሊፋቱ ነው። ቀጥ ብለው ወደ ኦቦ ሄዱ። ኦቦ የምንላቸው የአካባቢው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከሁላችንም ይበልጣሉ፣ በሰፈሩ ውስጥ አንቺ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስንት ቤት አስታርቀዋል።

እናም ልጄ ሻንጣዬን ይዛ ስትወጣ በበሩ ሽምግልና ገባ። ኦቦ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ሰጥተው፣ ከዘራቸውን ደገፍ አድርገው ተቀመጡ። ሐጂ ለጉዳዩ ክብር ብለው ከሱቃቸው ምርጡን ሽቶ ተቀብተው ነው የመጡት። ባለቤቴም ከሰርቪሱ ተጠርቶ መጣ፤ እሱም እንዲሁ። እኔ ጥግ ተቀምጬ ከሁለት ወገን ተከበብኩ።

ኦቦ ቀስ ብለው፣ ምን እንደበደለኝ ሳልደብቅ እንድናገር ጠየቁኝ። ምንም ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሳሉ ቀደመኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሐጂ አዘኑ። «ይተዉአቸው፣ ያልቅሱ፣ ይውጣላቸው» አሉና ሊያጽናኑኝ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። በጠጉ ቁጥር እንባዬ ይብሳል፤ እንባዬ በባሰ ቁጥር እሳቸው ይጠጋሉ። ልጄ በመጨረሻ መስኮቱን ሁሉ በርግዳ ከፈተችውና ሐጂን ወደ በሩ ወንበር አዛወረቻቸው። ለምን እንደተዛወሩ አልገባቸውም፤ ግን ጨዋ ናቸው፣ ተዛወሩ።

ኦቦ ፊታቸውን ወደ ባለቤቴ መለሱ። አንተስ ምን በደለችህ አሉት። ይህ ሰው ጅማ መንገድ ላይ ፍሬን በጥሶበት ሳይጮህ ጭነቱን ያዳነ ሰው ነው። ድምፁ ግን ሲወጣ የተሰነጠቀ ነበር።

«እሷ ምንም አልበደለችኝም» አለ። «ብቻ እኔ አለርጂኳ ሆኛለሁ። ዓይኔን ማየት አትፈልግም። ሽቶም ገዛሁ፣ ተላጨሁም፤ ያም ሆኖ ስታየኝ ታለቅሳለች። ሳታየኝ ትዋል ብዬ ነው ሰርቪስ የገባሁት።»

የልጅ ልጄ ያን ቀን ልትጠይቀኝ መጥታ ለእንግዶቹ ብርጭቆ ይዛ ቆማ ነበር፤ አስቀመጠችው። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ መጥታ እግሩ ሥር ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ያ የኛ ቀልድ ነው፤ ይሄ የሐኪም ነው» አለችው። «ለጭሱ ነው አለርጂክ የሆነችው። ለአንተ አይደለም።»

«ለጭሱ?»

«ለጭሱ።»

«ለሽቶውስ?»

«ለሽቶውማ ይብሳል።»

ባለቤቴ አንገቱን ቀና አድርጎ ሐጂን አያቸው። ሐጂም እጃቸውን ዘረጉ፤ «እኔ ምን ላድርግ? ለሚስት ነው አልከኝ፣ ጥሩውን ሰጠሁህ» አሉ። እኔ በሳሌ መሃል ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ኦቦ ብቻ አልሳቁም። ከዘራቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉና በኦሮምኛ ጭስ ኣራ፣ ንዴት ደግሞ ኣሪ እንደሚባል ነገሩን። «ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። እናንተ ኣራውን ኣሪ አድርጋችሁት ነው የከረማችሁት» አሉ።

ቃሉ ተፈታ፤ ጭሱ ግን አልተፈታም። ልጄ ያንን አልሳተችውም። ቢዋደዱም ባይዋደዱም እናቴ እዚህ መተንፈስ አትችልም፣ ይዣት እሄዳለሁ አለች። ልክ ናት። ሁሉም እኔን አዩኝ። ደረቴ ያን ጊዜ እንኳ ሲር ሲር ይል ነበር። እኔም ባለቤቴን አየሁት፤ ከአፌ የወጣው ይሄ ነው፦

«መሄድ አልፈልግም። ግን ታፍኜ መኖርም አልፈልግም። ሁለቱንም እሳቸው ይወቁልኝ።»

ባለቤቴ ተውኩ ብሎ ቢምል ኖሮ አላምነውም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ተውኩ ብሏል፣ ብዙ ጊዜም ኮክ ዛፎቹ ሥር ጭስ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን አልማለም። «ተውኩ ብዬ ሽማግሌ ፊት አልዋሽም» አለ። «ከዚህ ግቢ ውስጥ ግን ከዛሬ ጀምሮ ጭስ አይወጣም። የማጨስበትን ልብስም እሷ ያለችበት አላስገባም። ካቃተኝ ያን ጊዜ ራሴ ሱሉልታ አደርሳታለሁ።»

ኦቦ ይሄን ወደዱት። እንደ ሽምግልና ደንብ አጸኑት፤ ሐጂንም ምስክር አደረጉ፣ ሽቶ ላይሸጡለትም አስማሏቸው። ሐጂ ሽቶውን መልሰው ወስደው በምትኩ ሽታ የሌለው የእጅ ሳሙና ሰጡ። ልጄ ሻንጣውን በሩ ላይ እንዳቆመች ግማሽ ልቧ ሱሉልታ፣ ግማሽ ልቧ እኔ ጋ ሆኖ ቆመች። ክረምቱን እንያቸው አለች በመጨረሻ። ክረምቱ ፈተና መሆኑን አስባ ነው። ሰበታ ዝናብ ሲይዝ ማን ነው ሲጋራ ሊያጨስ ከግቢ የሚወጣ?

ያን ዕለት ሳይሆን በሁለተኛው ቀን ነው ከሰርቪሱ የወጣው። ፍራሹን አጣጥበን፣ ፀሐይ አስመትተን፣ እኔ ራሴ አሽትቼ ካሳለፍኩት በኋላ። ቤቱን ከዚያ ወዲህ የምናጸዳው በሞቀ ውኃና በሎሚ ነው። የልጅ ልጄ ስትመጣ ሳትቀባ ትመጣለች፤ ለአንቺ ብዬ አስቀያሚ ሆኜ መጣሁ ትለኛለች። የሚነፋው መድኃኒት ኪሴ ውስጥ አለ። የምፈልገው ቀን አለ፣ ኪሴ ውስጥ መኖሩን የምረሳበት ቀንም አለ።

ክረምቱም መጣ። ለማጨሻ ያረጀ ካፖርት መደበ፤ ከአጥሩ ውጭ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሰቀላል። ዝናብ ሲወርድ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል፤ ከሐጂ ሱቅ ታዛ ሥር ይቆማል። ኩይሳ የመሰለ ጃንጥላ፣ ከሥሩ ጭስ። ጭቃው ያሰለቸዋል። አንዳንድ ቀን በሩ ድረስ ሄዶ ሰማዩን ያይና ይመለሳል፤ ዛሬ ይቅርብኝ ይላል። እኔ አላመሰግነውም፣ አልጠይቀውምም። የጀመረውን መንገድ እንዳላደናቅፍበት ነው። ልጄ በነሐሴ መጥታ አደረች፣ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ፤ ስትሄድ ብቻዋን ነው የሄደችው።

ሱሉልታ አሁንም እሄዳለሁ፤ እግሬ መቼ ቤት ይወድና። ግን የምሄደው ለጉብኝት ነው፣ ስመለስም የሚጠብቀኝ ሰው አለ።

ጠዋት ጠዋት አጭሶ ሲመጣ ደፍ ላይ ይቆማል። ፊቱን ታጥቧል፣ እጅጌው ተጠቅልሏል፣ ፀጉሩ ላይ ውኃ አለ። «ልግባ?» ይለኛል። አየሩን ስቤ አጣራለሁ። አንዳንዴ ግባ እለዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ትንሽ ቆይ እለውና እዚያው እንደቆመ የሰማውን ያወራልኛል፦ ማን እንደሞተ፣ ጅማ መንገድ የት ጋ እንደተቆፈረ፣ ሐጂ ከማን ጋር እንደተከራከሩ። እኔም ከውስጥ እመልስለታለሁ። ወሬው ሲጥመን ግባ ማለቱን እኔም እረሳለሁ፣ መግባቱን እሱም ይረሳል።